ገንዘብ ከየት በኩል ይጀምር? ከደሴና ከኮምቦልቻ የተነሳ ማብራሪያ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሚጓዘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ሁለት ጫፍ ግን፣ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ፣ ድህነትን ለመቀነስ የታሰቡ ሁለት በጣም የተለያዩ ሥራዎች ተጀምረዋል። ደሴ ድሃ ቤተሰቦችን በአካባቢ ልማት አሠርቶ በሚከፍለው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የመጀመሪያ ዙር ከታቀፉት 11 የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በኮምቦልቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የሁለቱም ዓላማ ተብሎ የተነገረው የድሃው ኑሮ እንዲሻሻል ነው። መንገዳቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ በደሴው ሥራ ገንዘቡ በቀጥታ ከድሃው እጅ ይጀምራል፣ በኮምቦልቻው ከባለሀብቱ ይጀምርና በደመወዝ በኩል ሠራተኛው ዘንድ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጉዳይ በእኛው አካባቢ በዓይን የሚታይ በመሆኑ፣ ክርክሩን ከዚሁ ተነስቼ ለማብራራት እሞክራለሁ።

ከላይ የሚጀምረው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው «ትሪክል ዳውን» በሚለው ስም ነው፤ ከላይ ወደ ታች መንጠባጠብ እንደ ማለት ነው። አመክንዮው እንዲህ ይሄዳል፦ ፋብሪካ የሚያቆመው፣ ማሽን የሚያስገባው፣ ሰው የሚቀጥረው ካፒታል ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ መንግሥት የዚህን ሰው ግብር ቢቀንስለት፣ መሬትና ብድር ቢያመቻችለት፣ ቀረጥ ቢያነሳለት፣ ሥራ ይከፍታል፣ ምርት ይበዛል፣ ውሎ አድሮም ጥቅሙ ታች ላለው ይደርሳል። ከታች የሚነሳው አስተሳሰብ በበኩሉ ገበያን የሚፈጥረው ገዢው ነው ብሎ ይጀምራል። ብዙኃኑ የሚገዛበት ገንዘብ፣ ለሥራ የሚያበቃው ጤናና ትምህርት፣ ለንግዱም ትንሽ መነሻ ካለው፣ ባለሀብቱ ማንም ሳይለምነው ገበያውን ተከትሎ ይመጣል ይላል።

ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት በዚያው 1888 ዓ.ም.፣ ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን የተባለ አሜሪካዊ ፖለቲከኛ በፓርቲው ጉባኤ ላይ ባሰማው ንግግር ሁለቱን ሐሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር፦ ባለጸጋው እንዲበለጽግ ሕግ ቢወጣ ብልጽግናው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል የሚሉ አሉ፣ እኛ ግን ብዙኃኑ እንዲበለጽግ ቢደረግ ብልጽግናው በላዩ ባሉት መደቦች ሁሉ ሽቅብ ያልፋል እንላለን ሲል ተናገረ። «ትሪክል ዳውን» የሚለው ቃል የተስፋፋው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባለው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ዊል ሮጀርስ የተባለ ቀልደኛ የወቅቱን የአሜሪካ መንግሥት ፖሊሲ በዚህ ቃል ከተቸ በኋላ ነው። ስሙ የተቃዋሚዎች ስም ስለሆነ አስተሳሰቡን የሚደግፍ ሰው ራሱን በዚህ ስም አይጠራም፤ ስለ ኢንቨስትመንት ማበረታቻና ስለ አቅርቦት ማሳደግ ነው የሚናገረው። ይህን ማስታወስ ለፍትሐዊነት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከስሙ ባሻገር ያለው ሐሳብ በቁም ነገር ሊመዘን የሚገባው ነው።

በተግባር የተፈተነው በዋናነት በሀብታም አገሮች ነው። በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን አሜሪካ ከፍተኛውን የገቢ ግብር ምጣኔ ከ70 በመቶ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ 28 በመቶ አወረደች። ዴቪድ ሆፕና ጁሊያን ሊምበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች 18 የበለጸጉ አገሮች በ50 ዓመት ውስጥ ለባለጸጎች ያደረጉትን የግብር ቅነሳ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ቅነሳው የባለጸጎችን የገቢ ድርሻ ከፍ ማድረጉን፣ በኢኮኖሚ ዕድገትና በሥራ አጥነት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አለማምጣቱን አሳይተዋል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ የላይኛው 20 በመቶ ሕዝብ የገቢ ድርሻ በአንድ ነጥብ ሲጨምር በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ዓመታዊ ዕድገት በ0.08 ነጥብ ዝቅ የማለት፣ የታችኛው 20 በመቶ ድርሻ በዚያው መጠን ሲጨምር ደግሞ ዕድገቱ በ0.38 ነጥብ ከፍ የማለት ዝምድና እንዳለው አስፍረዋል። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ከድርጅቱ የቀድሞ ዝንባሌ አንጻር ብዙዎችን ያስገረመ ውጤት ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለሚለው፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ አንድ ብር ሲዘዋወር መከተል ይበቃል። ከሴፍቲኔት ሥራ ክፍያዋን የተቀበለች አንዲት እናት እንዳለች እናስብ። ብሩ እጇ ላይ አያድርም፤ ግማሹ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፣ ከቀሪው ጤፍና ሽሮ ይገዛል፣ ከዚያ የልጅ ደብተርና የወር እድር ይከተላል። ጤፍ ሻጩ ብሩን ይዞ ሸክም ላወረደለት ወጣት ይከፍላል፣ ወጣቱ በዚያው ዕለት ጉልት ከተቀመጠችው ሴት ሽንኩርትና ቲማቲም ይገዛል፣ እሷም ምሽት ላይ የእቁቧን ትጥላለች። አንዱ ብር በሳምንት ውስጥ የአራትና የአምስት ሰው ገቢ ሆነ ማለት ነው። ያው ብር በግብር ቅነሳ መልክ ከአንድ ባለጸጋ ኪስ ቢገባስ? ባለጸጋው ምሳውን ቀድሞም ይበላ ስለነበር ሁለተኛ ምሳ አይበላም። ብሩ ወደ ባንክ፣ ወደ መሬትና ወደ ሕንፃ፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ ምንዛሪ ይሄዳል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ነው። ከሰፈሩ ገበያ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ይህ የግምት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ ልጨምር። በምዕራብ ኬንያ ሲያያ በሚባል አውራጃ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከ10,000 በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ገደማ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ገንዘቡ የተሰጣቸውንም ያልተሰጣቸውንም ጎረቤቶች ከተከታተለ በኋላ፣ የተሰጠው እያንዳንዱ ዶላር በአካባቢው ኢኮኖሚ ውስጥ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ መፍጠሩን አረጋግጧል። ነገሩ ከሁሉ በፊት የሚያሰጋው ዋጋ እንዳይንር ነበር፤ የዋጋው ጭማሪ ግን 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሱቆቹና ወፍጮ ቤቶቹ ቀድሞም ሳይሠሩ የሚውሉበት ሰዓት ስለነበራቸው፣ ደንበኛ ሲበዛ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ብዙ ሸጡ።

የወሎ ሰው ግን ይህን ለመረዳት ኬንያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ ያጠናው ሕንዳዊው የኖቤል ተሸላሚ አማርትያ ሴን ያስተዋለው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሕዝቡ በመንገድ ዳር እየወደቀ ሳለ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀድሞው ብዙም አልናረም ነበር። እህልም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ገበያ የሚሰማው የተራበ ሰው ድምፅ ሳይሆን የሚከፈል ገንዘብ ድምፅ ነው፤ ገበሬው ማሳው ሲደርቅ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም አብሮ ስለጠፋ፣ እህሉን ወደ እሱ የሚስብ ምንም ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ከታች ስለመጀመር ስናወራ ስለ ምጽዋት እያወራን አይደለም። ድሃው በገበያ ውስጥ ድምፅ እንዲኖረው ስለማድረግ ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ፋብሪካ ማምጣት ስህተት ነው የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን ከተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ በፋብሪካ ደመወዝ ያደገች ከተማ ናት፣ በዚያ ደመወዝ ልጅ ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ከላይ የገባው ገንዘብ ወደ ታች የሚወርደው በየትኛው ቀዳዳ በኩል ነው የሚለው ነው። ለኤክስፖርት የሚሰፋ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ፣ ክሩና ዚፑ ሳይቀር ከውጭ ይመጣል፤ ትርፉ ወደ ባለቤቱ አገር ይሄዳል፤ የገቢ ግብሩ ለዓመታት እፎይታ የተሰጠበት ነው። እንግዲህ በከተማዋ የሚቀረው በዋናነት ደመወዙ ነው። ደመወዙ ቀጭን ከሆነ የሚንጠባጠበውም ቀጭን ይሆናል።

ምን ያህል ቀጭን? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ አተኩረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ፣ እንደነበር ጽፈዋል። በዚያ ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ በቁጥር አላስቀመጠም፤ የሚያጠናና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ብቻ ደነገገ። በሌላ በኩል በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ600 ብር በላይ የሆነ ወርሃዊ ደመወዝ ከ10 በመቶ ጀምሮ ግብር እንዲከፈልበት ያዝዝ ነበር፤ 1,000 ብር የምታገኝ ሰፊ በየወሩ 40 ብር ትከፍል ነበር ማለት ነው። ማሽኑን ያስገባው ባለሀብት ከገቢ ግብር ነጻ ሆኖ፣ በማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ግን ግብር ከፋይ የነበረችባቸው እነዚያ ዓመታት፣ ከላይ የመጀመር አስተሳሰብ ምን ያህል ሳናውቀው ዓይናችንን እንደሚጋርድ ለእኔ በቂ ማሳያ ናቸው። ከግብር ነጻ የሆነው የደመወዝ ጣሪያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ነው።

በፈረቃ መውጫ ሰዓት ከፋብሪካ የሚወጡትን ልጆች ያየ ሰው የቁጥሩን ትርጉም ይረዳዋል። ብዙዎቹ ከቃሉና ከአጎራባች ወረዳዎች ገጠር የመጡ ናቸው። ለብቻ ቤት መከራየት ስለማይቻል አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ሁለቱ የቀን፣ ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ከሆኑ ሁለት ፍራሽ ለአራት ይበቃል። አንዲት ከእነሱ መካከል የነበረች ልጅ የደመወዟን አከፋፈል ስትነግረኝ በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር፦ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ለእናቷ የምትልከው፣ እቁብ፤ አምስተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ እጇን ዘግታ ሳቀች። ለትምህርትም ሆነ ለልብስ የሚሆን አልነበረም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህችው አገራችን ያካሄዱት ጥናት ሁለቱን መንገዶች ፊት ለፊት ስላገናኘ ብዙ ዋጋ አለው። በአምስት ድርጅቶች ውስጥ ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ሥራው ተሰጠው፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ገቢያቸው ካላገኙት አልበለጠም፤ ሲሶዎቹ በመጀመሪያው ወር፣ አብዛኞቹ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀው ወጡ፣ የጤና ችግርም በርክቶባቸው ነበር። ገንዘቡ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ የተፈረደ ይመስል ነበር። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ አገኙት።

ይህ ውጤት ከታች መጀመርን ለምንደግፍ ሰዎች መራራ ነው፣ ግን ልንሸሸው አይገባም። መነሻ ገንዘብ ሰውን ከወለሉ ያነሳዋል፤ ከዚያ በላይ የሚረግጠው መሰላል ከሌለ ግን እዚያው ይቆያል። በደሴ ያየነውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር የሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ ለሦስት ዓመት፣ የሥራ ቀኑ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ በጽዳት፣ በችግኝ ተከላና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሲሠራ ይቆይና በመጨረሻ ለመተዳደሪያ 500 ዶላር የሚያህል ድጋፍ ያገኝ ነበር። በአንድ ሰፈር ሠላሳ ሴቶች በአንድ ጊዜ ድጋፉን ተቀብለው ሠላሳውም እንጀራ ጋግረው ቢሸጡ፣ ሁሉም የሚሻሙት የዚያኑ ሰፈር ገዢ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች በአነስተኛ ብድር ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም እንደዚሁ ነው ያገኘው፤ ብድሩ ተስፋፋ፣ የቤተሰቦቹ ኑሮ ግን በአብዛኛው መለኪያ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ብድር ደግሞ ከስጦታ የሚለየው፣ ላሟ ብትሞትም ወለዱ አለመሞቱ ነው።

የተሻለ ውጤት ያሳየው ድጋፎችን አጣምሮ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በሆንዱራስና በፔሩ ከ10,000 በላይ ድሃ ቤተሰቦች ላይ የተሞከረው ፕሮግራም እንስሳ ወይም ሌላ የሥራ ንብረት፣ ለተወሰነ ጊዜ የምግብ ወይም የገንዘብ ድጎማ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ቤት ለቤት ክትትል በአንድነት ሰጠ፤ ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም በአብዛኞቹ አገሮች መሻሻሉ ቀጥሎ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። በግ የተሰጠው ሰው እስኪያረባት ድረስ የሚበላው ከሌለው በጓን ይሸጣታል።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ፤ ከላይ የሚመጣው ገንዘብ በአንድ ቦምባ የሚመጣ ውሃ ነው፣ ቦምባው ሲዘጋ በአንድ ጊዜ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲይዛቸው ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ገና ሳያገግሙ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች፤ አንድ ውሳኔ፣ ከእኛ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ለዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ነካ። ጉልት ቸርቻሪዋም ተዘርፋለች፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገድ በተከፈተ በሳምንቱ ሽንኩርቷን ዘርግታ ነበር።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። እንደ እኛ ባለ አካባቢ መሠረቱ ከታች መጣል አለበት፤ ከድሃው እጅ የሚገባ ገንዘብ፣ ከገበሬው የሚገዛ ምርት፣ ከወለሉ የሚጀምር ጤናና ትምህርት ይቅደም። አገሪቱ ከድህነት ወለል በታች ያለውን ሕዝቧን በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ዝቅ ስታደርግ ትልቁን ድርሻ የያዘው የገበሬው ምርት ማደግ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ መሰላሉ ነው፣ ሆኖም መሰላል የሚሆነው የሚረገጡ ደረጃዎች ሲኖሩት ነው፤ ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ ደመወዝ፣ ከአገር ውስጥ የሚገዛ ጥጥና ክር፣ ከኦፕሬተርነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት የሚያወጣ ሥልጠና፣ የልጅ ማቆያ። መንግሥት መሬትና የግብር እፎይታ ሲሰጥ እነዚህን በምላሹ መጠየቅ ይችላል፤ እፎይታው የሕዝብ ገንዘብ ነውና ዋጋ ሊጠየቅበት ይገባል።

በጣቶቿ ስትቆጥር ያየኋት ልጅ ፋብሪካውን ለቃለች። በእቁቧ ዕጣ ቴርሞስ፣ ብርጭቆና ከሰል ምድጃ ገዝታ፣ ከሠራተኞች መውጫ በር ራቅ ብላ ሻይ በዳቦ ትሸጣለች፤ በቀን የምታገኘው ከቀድሞ ደመወዟ ይሻላል። ደንበኞቿ ግን የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ደመወዝ በገባ ሳምንት ሁለት ቴርሞስ ሻይ ታጣራለች፤ በወሩ መጨረሻ ሳምንት አንዱ ቴርሞስ ሳያልቅ ይመሻል፣ የተሸጠውም አብዛኛው በዱቤ ደብተሯ ላይ የሰፈረ ነው።